እንቁላሉን ማን በላው?

በአንድ ትልቅ ከተማ ዳር፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው በሚኖሩበት ሰፈር፣ በሯ ሲከፈት ከአልጋው እግር ጋር የሚጋጭ አንዲት ክፍል ነበረች። እዚያ ባል፣ ሚስትና የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸው ይኖራሉ። ሚስትየው በልብስ እጥበት ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ሰፈሩ ከልጅ እስከ አዋቂ «ተኳሿ» ይላታል። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ ወታደር መስላው ይመጣና፣ ቀጭን፣ አንገቷን ደፋ ያደረገች፣ ክንዷ በእንፋሎት የተለበለበ ሴት ሲያገኝ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል። እሷም አብራው ትስቅ ነበር። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ጸጉሩ ላይ የደረቀውን ቀለም ልጁ እየለቀመች «ዛሬ ደግሞ የማንን ሳሎን ለብሰህ መጣህ?» ስትለው ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። ነበር… ይህች «ነበር» የምትባል ቃል ስንቱን ቤት አፍርሳለች!

አንድ ቀን ቀለም ቀቢው የቆመበት መወጣጫ እንጨት ከዳው። ከፎቅ ወድቆ ነፍሱ ብትተርፍም ወገቡ አልተረፈም። አሠሪው አንድ ጊዜ መጥቶ ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩንም አላነሳም። መሰላል ላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር የሚውለው ሰው ተጋድሞ ጣሪያ ሲያይ የሚውል ሆነ። ሚስቱ ጠዋት ስትወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ሚስቱ ደክማ የምታመጣውን ተኝቶ መብላት አንገቱን አስደፍቶታል። ቤቱ እንዳለ በአንድ ካውያ ላይ ወደቀ። የተኳሿ ደመወዝ የቤት ኪራዩንና የባሏን መድኃኒት ካየ በኋላ ለሆድ የሚተርፈው ዳቦና ሻይ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዳቦው ይቀርና ሻዩ ብቻ ይመጣል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ እናቷ ፀጉሯን አበጥራ፣ ዩኒፎርሟን እንደ ምላጭ ተኩሳ ትልካታለች። ያን የመሰለ ቀሚስ ለብሳ በባዶ ሆዷ የምትሄድ ልጅ መሆኗን ማን ይጠረጥራል?

ይህን ሁሉ መከራ ማወቅ የሚገባው፣ ግን ከቶ ያልሰማ አንድ ሰው ነበር። የተኳሿ ታላቅ እህት!

ታላቅየዋ የምትኖረው ከከተማው የቀን መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። እናታቸው ስትሞት ተኳሿ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። ታላቅየዋ ትምህርቷን ትታ፣ የመጣላትን ትዳር አቆይታ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ አሳደገቻት። አድጋ ከተማ ልግባ ስትል ደግሞ ያለቻትን አንዲት ጊደር ሸጣ የላከቻት እሷው ናት። እናት ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ተኳሿ «እትዬ» ብላ ስትጠራት በዚያች ቃል ውስጥ እናቷም እህቷም አሉ። ታላቅየዋም በተራዋ በመንደሩ መሃል ቀና ብላ የምትሄደው በዚህች እህቷ ነው። «ከተማ እህት አለችኝ» ስትል ድምጿ ከፍ ይላል፤ ያልጠየቃትም ሰው ሳይሰማ አይቀርም።

በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ኬሻ ይመላለስ ነበር። የገጠሩ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ያወርደዋል። ውስጡ በገለባ ተጠቅልሎ የመጣ እንቁላል፣ ባቄላና ቦሎቄ፣ ላሚቱ ስትታለብ ደግሞ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አለ። እናታቸው በሕይወት ሳለች የሰው ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም ነበርና ልጆቿም ይህንን ከእሷ ወርሰዋል። ስለዚህ ኬሻው ወደ ገጠር ሲመለስ ብስኩት፣ ስኳር፣ ማካሮኒና ነጭ ዱቄት ተሞልቶ ይመለሳል። ቀለም ቀቢው በደህናው ጊዜ ይህን እየገዛ ሲሞላ ደስ እያለው ነበር። ከወደቀ በኋላስ? ኬሻው እንደሆነ መምጣቱን አልተወም! ባዶውን ቢመለስ መንደርተኛው ሁሉ አውቶቡሱ በሚቆምበት ቦታ ያየዋል፤ ታላቅየዋ ምን ትባላለች? «እህትሽ ረሳችሽ እንዴ?» ይሏታል። 

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስሙና ፍረዱ። ኬሻው እንደደረሰ፣ እንቁላሉ ገና ከገለባው ሳይወጣ፣ ልጇን አስከትላ መንገዱን ተሻግራ ባለሱቁ ዘንድ ትሄዳለች። ባለሱቁ እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያይና፣ ባቄላውን በእጁ ዘግኖ ያሸትና፣ በምትኩ ብስኩቱንና ስኳሩን ከመደርደሪያው ያወርድላታል። በአንድ እጅ ይቀበላል፣ በሌላው ይሰጣል። «የገጠር እንቁላል ደንበኞቼ ይሻሙበታል፤ አስኳሉ ወርቅ ነው» ይላታል፤ ለምስጋና ብሎ ነው እንጂ አንጀቷን እየቆረጠው መሆኑን አያውቅም። አንድ ጊዜ ልጇ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ፣ እንዳይሰማባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ አንድ ብቻ እናስቀር» አለቻት። ተኳሿ ኬሻውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ደግሞ ኬሻውን አየች። «የሚቀጥለው ጊዜ» አለቻት። የሚቀጥለው ጊዜም ሲመጣ እንዲሁ አለቻት። ልጅቷ ጨዋ ናትና ሦስተኛ አልጠየቀችም።

በስልክ ደግሞ ሌላ ኑሮ ይኖራል። ታላቅየዋ «እንቁላሉ ደረሰ? በላችሁ?» ትላለች፤ ተኳሿም «ጥግብ ብለናል እትዬ፤ ባለቤቴማ ያንቺን እንቁላል ካልበላ ሥራ አይወጣም» ትላታለች። ባለቤቷ ይህን አልጋው ላይ ሆኖ እየሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። ታላቅየዋ በተራዋ የቤቷን ወሬ ትነግራታለች፤ አዝመራው ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ሁሉ ሙሉ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የምታወራው ስለ መጨረሻ ልጇ ነው። ይህች ልጅ ስትወለድ ክብደቷ የአዋላጇን እጅ አዝሎ ነበርና አክስቷ ተኳሿ «ድንቡሼ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ስሙ ጸናባት። ጡት ከጣለች ወዲህ የምትመገበው አክስቷ የላከችላትን ብስኩት በስኳር ሻይ እየነከሩላት ነው። ሌሎቹ ልጆች የቤቱን እህል ይበላሉ፤ ለድንቡሼ ግን የከተማው ተመርጦላታል። «ጉንጯ እንዴት እንደሞላ ብታዪ!» ትላለች እናቷ። «ያንቺ ብስኩት ነው። እግሯ ሳይቀር ወፍሯል።» ተኳሿ ይህን ስትሰማ ድካሟ ሁሉ ይረሳታል። እኛ ቢርበን ምናለ፣ እዚያች ልጅ ጉንጭ ላይ ገብቶልናል ትላለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ታላቅየዋ ሌላ ነገር አከለች፤ ድንቡሼ ዛሬ ዛሬ እንደ ድሮው አትሮጥም፣ ጨዋታም አትወድም፣ እንደ ትልቅ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጣ መዋል ሆኗል ሥራዋ። «ጨዋ ሆናለች» አለች እናቷ እየሳቀች። ወይ እናት!

አንድ ረፋድ ላይ ተኳሿ የአንድ ሙሽራ ሸሚዝ አንገትጌ እየተኮሰች ሳለ የእጥበት ቤቱ ዘበኛ ሰው ይፈልግሻል አላት። እንፋሎቱን በእጇ እየገፋች ብትወጣ ታላቅ እህቷ በአቧራ ተሸፍና በሩ ላይ ቆማለች። ጀርባዋ ላይ ድንቡሼን አዝላለች፤ በእጇ ደግሞ የእንቁላል ዘንቢል ይዛለች። የታመመ ልጅ አዝላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስትንገላታ ውላ፣ መንገድ ላይ አድራ፣ እንቁላሉን ግን አንድም አልሰበረችውም። «ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄ ዓይኗን አልገልጥ አለችኝ።» ተኳሿ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየች። ጉንጮቿ እውነትም ሞልተዋል፤ ግን ቆዳው ያብለጨልጫል፣ ፀጉሯ ሳስቶ ቀልቷል፣ ግማሽ የተገለጡት ዓይኖቿ ማንንም አያዩም። ሕፃን ልጅ አክስቷን አይታ የማትስቅ፣ የማታለቅስ፣ የማትፈራም ሆነች። ዘንቢሉን ለሥራ ባልደረባዋ አስይዛ፣ ካውያውን ነቅላ፣ እህቷን እየጎተተች ወደ ሆስፒታል ሮጠች።

የሕፃናት ክፍሉ ነርስ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ድንቡሼን አልጋ ላይ አስተኝታ የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣቷ ተጫነችና እጇን አነሳች። ጣቷ ያረፈበት ቦታ እንደ እርጥብ ጭቃ ጎድጉዶ ቀረ። ተኳሿ ያንን ጉድጓድ ስታይ ክው አለች።

«እናት፣ ምን ትመግቢያታለሽ?» አለች ነርሷ።

ታላቅየዋ አንገቷን ቀና አደረገች። «የከተማ ምግብ ነው የምትበላው። ብስኩት በስኳር ሻይ። እህቴ ናት የምትልክላት፤ አንድም ቀን አጓድላባት አታውቅም።»

«እንቁላልስ? ባቄላ፣ ወተት?»

«እሱማ ለእነሱ ነው የሚሄደው» አለች ወደ ተኳሿ እያመለከተች፤ ኩራቷ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። «የከተማ ሰው ያንን ካላገኘ አቅም ያጣል። እኛ ምን እንሆናለን፣ ገበሬዎች ነን።»

ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ልጅቷ አልወፈረችም፤ አብጣለች። ሆዷ በስኳርና በዱቄት ሲሞላ ሰውነት የሚሠራ ምግብ ግን ስላላገኘች ውሃ ቋጥራለች። እዚሁ ተኝታ፣ በትንሽ በትንሹ እየተለካ የሚሰጥ ልዩ ወተት እየጠጣች መታከም አለባት፤ አለበለዚያ አትተርፍም። ታላቅየዋ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመነችም። እህቷ መርጣ የላከችው ምግብ እንዴት ልጅ ይጎዳል? ተኳሿስ? ያንን እንቁላል ማን እንደበላው የምታውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ እሷ ብቻ ናት። ምነው ያኔ በተናገረች! ግን እፍረት የሚሉት ነገር አሸነፋትና የድንቡሼን ነጠላ ማስተካከል ጀመረች። እህቷንም ወደ ቤቷ አልጋበዘችም፤ ከልጅሽ ጎን አትለዪ እያለች እዚያው ሆስፒታል አቆየቻት። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ደህና የለበሰ ሰው መስላ ትቀመጣለች፤ ታላቅየዋም ለአጠገቧ ሴቶች «ይቺ ናት እህቴ» ትላቸዋለች።

ወተቱ ሥራውን ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ። እብጠቱ ሲጎድል ግን ከሥሩ የተደበቀው ጉድ ወጣ! ጉንጩ ሟሸሸ፤ የጎድን አጥንት ተሰለፈ፤ ክንዶቿ የአውራ ጣት ያህል ሆኑ፤ ያቺ ድንቡሼ የምትባል ልጅ አሮጊት መሰለች። ነርሷ ይህ የመዳን መንገድ ነው፣ ውሃው እየወጣላት ነው ብላ ነበር። ግን የእናት ዓይን የሚያየውን እንጂ የሚነገረውን መች ያምናል? ታላቅየዋ ነርሷ ዞር ባለችበት ሰዓት ልጇን አዘለችና ወጣች።

ተኳሿ ከሥራ ስትመጣ አልጋው ባዶ ነው። አጠገቡ ልጇን ያስተኛችው ሴት «ወደ አገሯ ሄደች» አለቻት። ሰማይ ተደፋባት። አውቶቡስ ተራው ድረስ እንዴት እንደሮጠች፣ ማንን እንደገፋች፣ ማን እንደሰደባት አታውቅም። ስትደርስ እህቷ ከመኪናው ጥላ ሥር ቆማለች፤ ረዳቱ ዕቃ ወደ ጣሪያ ይወረውራል። ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

«ሞልታ ያመጣኋትን ልጅ አጥንቷን ሰጡኝ» አለች ታላቅየዋ። እያለቀሰች አልነበረም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። «ቤቷ ወስጄ ብስኩቷን እሰጣታለሁ። ብትሞትም እቤቷ።»

ተኳሿ ለመነቻት። እግሯ ላይ ወደቀች። ነርሷ ያለችውን ደጋገመችላት። ታላቅየዋ ጎንበስ ብላ አነሳቻት።

«እሺ፣ ስላንቺ ስል እቀራለሁ» አለች። «ግን ሆስፒታሉን አልፈልግም። ቤትሽ ውሰጂኝ። አንቺ የምትበዪውን ትብላ። ያንን ሁሉ እንቁላል በልተሽ እኮ ነው እንዲህ ቆመሽ የምትሄጂው።»

እዚህ ላይ ተኳሿ የምትሸሽበት ጠፋ። ወዴት ትውሰዳት? ወደዚያች ክፍል? ወደ አልጋው? ወደ ባዶው ድስት? ውሸቱ ራሱ መጥቶ በሯን አንኳኳ። እዚያ በአውቶቡስ ጢስ መሃል፣ በሻጭና በተሳፋሪ ጫጫታ መሃል፣ የእህቷን ሁለት እጅ ያዘች።

«ቤቴ እንቁላል የለም እትዬ። ኖሮም አያውቅም። ባለቤቴ ከፎቅ ወድቆ ከተኛ ቆየ። የምትልኪውን ሁሉ ለባለሱቁ እየሰጠሁ ነው ብስኩቱን የምቀበለው። ያ ብስኩት የኔ አይደለም፤ ያንቺው እንቁላል ነው። የልጅሽ ምግብ እኔ ዘንድ መጥቶ ስኳር ሆኖ ተመለሰልሽ። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ታላቅየዋ አልጮኸችም፣ አልረገመቻትም። እህቷን ከእግር እስከ ራሷ ዓይታ አታውቅም ኖሯል፤ አሁን አየቻት። የቀጠነውን አንገት፣ የጎደጎደውን ዓይን፣ ሦስት ጊዜ የተሰፋውን ጫማ።

«ታዲያ እናንተ ምን ትበሉ ነበር?» አለች።

ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መሃል ይህን መረጠች! ልጇ ጀርባዋ ላይ እየሞተች፣ ያንን ሁሉ ሰምታ፣ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ። «ሻይ» አለች ተኳሿ። ሁለቱም መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ታላቅየዋም የራሷን ጉድ አወጣች። ዘንድሮ አዝመራው ደህና አልነበረም፤ ባቄላውን ገና በአበባው ውርጭ መትቶት ነበር። ላሚቱም ነጥፋለች። በቤቱ ውስጥ የቀረው ጥሩ ነገር ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ እንቁላላቸውን እየሰበሰበች አልጋ ሥር ትደብቃለች፣ ልጆቹ ሲጠይቋት የአክስታችሁ ነው ትላለች። «አንድ ቀን ድንቡሼ አንዱን አነሳች» አለች። «እጇን መታኋት።»

ኧረ ይህ እንዴት ያለ ፍቅር ነው? እርስ በርሱ እየተሳሳ ልጅ የሚያስርብ! አንዷ ከልጇ እጅ ነጥቃ ላከች፤ ሌላዋ ከልጇ ዓይን ሥር ወስዳ ሸጠች፤ እንቁላሉም ሁለት ቤት ዞሮ የማያውቃቸው ሰዎች ሆድ ውስጥ ገባ። በእነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል ክፋት ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። አንዲት ጊዜ እንኳ አንዷ «ቸገረኝ» ብትል…! ግን ያቺ አጭር ቃል ከሁሉ ከበደቻቸው።

ድንቡሼ በእናቷ ጀርባ ላይ ቀዝቅዛ ነበር፤ ሁለቱም ተነስተው ወደ ሆስፒታሉ ሮጡ። ነርሷ ልጅቷን ተቀብላ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻትና እናቷን «ደረትሽ ላይ አጣብቀሽ ያዣት» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ የጽዋ ሰዓት ሆነ። ነርሷ ወተቱን በጽዋ ትለካለች፤ ታላቅየዋ ትይዛታለች፤ ተኳሿ በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ወተቱ በከንፈሯ ጥግ ይፈሳል። እንደገና ይሞከራል፤ እንደገና ይፈሳል። ተኳሿ ጠዋት ከእጥበት ቤቱ ፈቃድ ለመጠየቅ ሄዳ አለቃዋ ፊቱን ቢያጠቁርባትም ግድ አልሰጣትም። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ እየተፈራረቁ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ቆማ፣ ያቺን የሲባጎ ያህል የቀጠነች ትንፋሽ ሲጠብቁ ሰነበቱ። ታላቅየዋ አንድ ጊዜ ብቻ «ብስኩት አልሰጣትም» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አይታወቅም። ተኳሿ የእህቷን ራስ ወደ ትከሻዋ ሳበች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኳሿ ጽዋውን ባዶ አድርጋ ልታስቀምጥ ስትል አንድ ነገር ጎተታት። አየች። ትንሽ፣ ደረቅ፣ የዶሮ እግር የመሰለ እጅ የጽዋውን ጫፍ ይዟል። አልለቅም ብሏል። ተኳሿ እጁን ቀስ ብላ ስታላቅቀው ድንቡሼ አፏን ከፈተችና… አለቀሰች! ያቺ ስትወጋ የማታለቅስ፣ ስትገላበጥ የማታለቅስ ልጅ፣ ጽዋዬን አትውሰዱብኝ ብላ የሕፃናት ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው። ታላቅየዋ «ምን አደረግሻት?» ብላ ከተቀመጠችበት ዘለለች። ነርሷ ከሌላው አልጋ ቀና ብላ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። «ርቧታል» አለች። «ዳነች ማለት ነው።» እናት ልጇ ራባት ሲሏት የደስታ እንባ የምታፈስበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ይገምታል? ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የአልጋው ጎረቤት ሴት ልጅቷ የሞተች መስሏት አብራ አለቀሰች፤ ነገሩን ስትረዳ ደግሞ በሳቅ ልቧ ሊፈርስ ደረሰ።

ድንቡሼ ከሆስፒታል ስትወጣ ተኳሿ እህቷን ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ቀለም ቀቢው ሊነሳ ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ወገቡ ያዘውና አልጋውን ተደግፎ ቀረ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ታላቅየዋ አጠገቡ ቁጭ አለችና «የኔ ወንድም፣ ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ መጥቼ አስታምምህ ነበር» አለችው። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ታላቅየዋ ቤቱን ዞራ ቃኘችው፤ ለመቃኘት መዞርም አያስፈልግም ነበር። የተኳሿ የሥራ ባልደረባ አስቀምጣ የመለሰችውን የእንቁላል ዘንቢል ስታይ አንድ በአንድ እያወዛወዘች ፈተነችው፤ ደህና ደህናውን ለይታ ድስት ጥዳ ቀቀለችው። ሁሉም በላ። የተኳሿ ልጅ ያን ያህል እንቁላል ተሸክማ መንገድ ስትሻገር ኖራ ቅርፊቱን መላጥ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። አባቷ ጀመረላት። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ውስጥ ይዛ ቶሎ እንዳያልቅባት ሳታኝክ ቆየች። ተኳሿ ያን ስታይ ወደ ደጅ ወጣች።

ያን ዕለት ነበር ታላቅየዋ በሁለቱ ቤት ላይ ሕግ ያወጣችው። እሷ ስትናገር የገጠር ሴት ሳትሆን ዳኛ ትመስል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እንቁላሉም ባቄላውም መጀመሪያ በተገኘበት ቤት ልጆች አፍ ይገባል፤ የሚላከው ከዚያ የተረፈው ነው። የከተማውም ሰው መጀመሪያ ይበላል፤ የሚሸጠው ከዚያ የተረፈው ነው። ብስኩት ለማንም አይላክም፤ በገጠር ጎተራው በሚጎድልበት ወቅት እህል፣ ከዚያም ጨውና ሳሙና ይላክ። እና ከሁሉ በላይ፣ በስልክ መዋሸት ቀረ። «ከራበሽ ራበኝ በይኝ» አለቻት። «እኔም እልሻለሁ።» ተኳሿ እሺ አለች፤ «ራበኝ» ማለት ግን ካውያ ከመሸከም ይከብዳት እንደነበር ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ቀለም ቀቢው ቆሞ መሥራት ባይችልም ተቀምጦ መሥራት ይችል ኖሯል። ቤታቸው በር ላይ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። የታላቅየዋም የጎረቤቶቿም ትርፍ እንቁላል፣ ቦሎቄ፣ ጎመንና ካሮት በዚያ አውቶቡስ ይመጣል፤ እሱ ይሸጣል። ከሳጥኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ የዶሮና የካሮት ሥዕል በቀሪ ቀለሙ ሣለበት፤ ዶሮዋ ከሰው ትበልጣለች ብሎ ሰፈሩ ቢስቅበትም ደንበኛ አመጣችለት። ባለሱቁ መጀመሪያ አኮረፈ። ኋላ ግን እሱም ዘንቢል ይዞ ሲመጣ ታየ። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ትቶ መንገደኛውን ሁሉ በቀልድ ማስቆም ጀመረ፤ ማታም ማንጎራጎሩ ተመለሰ። የተኳሿ ልጅ ጉንጭ ቀላ፤ መምህርቷ ዘንድሮ ምን አገኘሽ ብላ ጠየቀቻት።

ዓመት አለፈ። ዝናቡ በወቅቱ ገባና ባቄላው አበባውን ይዞ ቆየ። ተኳሿ ባሏንና ልጇን ይዛ፣ በእፍረት ሳትረግጠው የቆየችውን አገሯን ልታይ ሄደች። አውቶቡሱ ሲቆም ታላቅየዋ ከነልጆቿ፣ መንደሩም ከነወሬው፣ መንገድ ላይ ወጥቷል። ቀለም ቀቢው በከዘራው እየተደገፈ ሲወርድ ሰዎች ክንዱን ያዙት። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል አንዲት ክብ፣ ጠንካራ፣ እግሯ አቧራ የሚያስነሳ ሕፃን ከሰው እግር ሥር ሾልካ ሮጣ መጣች። አንድ እጇ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ይዛለች፤ ግማሹ ተገምጧል፣ አስኳሉ አገጯ ላይ ተለጥፏል። እናቷ ከኋላ እየሮጠች ደረሰችባትና፣ የእንግዳ ነገር ሆኖባት፣ የቆየ ልማዷ አሸንፏት፣ «ለአክስትሽ ስጫት እንጂ!» አለቻት።

ድንቡሼ ቆመች። አክስቷን ከእግር እስከ ራሷ መዘነቻት። እንቁላሉን ከጀርባዋ ደበቀችና ግንባሯን ቋጠረች።

«የኔ ነው» አለች። «አልሰጥም።»

በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ቃል የተናገረ ሰው እስከዚያ ቀን አልተወለደም ነበር። ታላቅየዋ እህቷን አየቻት፤ እህቷ ታላቅየዋን አየቻት፤ ከዚያ ሁለቱም እዚያው አቧራው ላይ ተንበርክከው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ። ዕጣ ይህንን ልጅ ከሞት ደጅ ለምን መለሳት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱን እዚያ ቆማ ታሳየው ነበር፤ ሁለት ደግ ሴቶች ያልቻሉትን ልታስተምራቸው ነው። ድንቡሼ ግን ለዕጣም ለእንባም ጊዜ አልነበራትም፤ ማንም እንዳይቀማት ዞር ብላ የቀረውን እንቁላል ባንዴ አፏ ውስጥ ከተተችው።